ዚዚ ትሻላለች ወይስ ፒስ ሊሊ?

አክስቴ ለአዲሱ ኮንዶሚኒየሟ የወሰድኩላትን ዚዚ የምትባል የቤት ተክል በአምስት ወር ገደለቻት። በጥላቻ አይደለም፤ በፍቅር ነው። ጠዋት ጠዋት ቡና ስታፈላ ለራሷ ሲኒ፣ ለዚዚ ብርጭቆ ውሃ። አንድ ቀን አልዘለለችም። «አንተ ልጅ፣ ያ ያመጣህልኝ ተክል ቢጫ ሆነብኝ። ውሃ ብጨምርለት ጭራሽ ባሰበት» ብላ ስትደውል ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ሄጄ ጋዜጣ አንጥፌ ማሰሮውን ገለበጥኩት። ዚዚ ከአፈር ሥር ድንች የሚመስል ነገር አላት። ጤነኛ ሲሆን ጠንካራ ነው፣ በጥፍር ብትጫኑት እሺ አይልም። የአክስቴ ዚዚ ድንች ግን ጣቴ ሲያርፍበት እንደ በሰበሰ ቲማቲም ሟሸሸ። ሽታው የቆመ ቦይ ሽታ ነው። አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ «ውይ በሞትኩት! ላዩ እኮ ደህና ነበር» አለች።

እውነቷን ነው፣ ላዩ ደህና ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን እኔ ቤት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለሥራ ስድስት ቀን ክፍለ ሀገር ቆይቼ ስመለስ ሳሎን ያለችው ፒስ ሊሊ ተዘርራለች። ቅጠሎቿ በሙሉ ከማሰሮው አፍ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ያያት ሰው አበቃላት ይላል። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ውሃ አጠጣኋትና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቀጥ ብላ ቆማለች። ምንም እንዳልተፈጠረ።

ለቤቱ ወይም ለቢሮው አንድ ተክል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ያመነታል። ሁለቱም ጥላ ይችላሉ፣ ሁለቱም ያምራሉ፣ ሁለቱም በየችግኝ መሸጫው አሉ። የተለመደው ምክር «ዚዚ ቀላል ናት፣ ፒስ ሊሊ ታስቸግራለች» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። አክስቴን ጉድ የሠራት ሌላው ግማሽ ነው። ዚዚ ቀላል የምትሆነው ለሚረሳ ሰው ነው። እጁ ለማያርፍ ሰው ከባድ ናት። ፒስ ሊሊ ብዙ ትጠይቃለች፤ ግን የምትጠይቀውን አፍ አውጥታ ነው የምትጠይቀው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ እኔ ተክል የምገድለው በምንድን ነው? በመርሳት ወይስ በማብዛት?

የጎደሬ ዘመዶች

መልካቸው አይገናኝም እንጂ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጎደሬም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ አፍና ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ደቡብና ምዕራብ ያደገ ሰው ያውቃል። የሚያሳክከው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ እንደ መርፌ የሾለ ጥቃቅን ክሪስታል ነው። ዚዚና ፒስ ሊሊም ያንኑ መርፌ በቅጠላቸውና በግንዳቸው ይዘዋል። ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ወይም ቅጠል የምታኝክ ድመት ካለች ሁለቱንም ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ቢቀመስ አፍ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፣ ያስለቅሳል። አፍን በውሃ ማጠብ ነው፤ እብጠቱ ከጨመረ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ወደ ሐኪም ቤት። ዚዚን ቤት ማስቀመጥ ካንሰር ያመጣል እየተባለ የሚዞረው ወሬ ግን መሠረት የለውም።

ሊሊ መባሏም የስም ነገር ነው፤ ፒስ ሊሊ ከእውነተኞቹ ሊሊዎች ጋር ዝምድና የላትም። በነገራችን ላይ በየግቢው የምናያት፣ ነጭ ጥምዝ አበባ ያላት ካላ ሊሊም ከዚሁ ከጎደሬ ቤተሰብ ናት። የሳይንስ ስሟ መጨረሻ ላይ «ኤቲዮፒካ» የሚል አለ። የኛ እንዳይመስላችሁ፤ አገሯ ደቡብ አፍሪካና አካባቢው ነው። የጥንት ሰዎች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን አፍሪካ በጅምላ ስለነበር የወጣላት ስም ነው።

ይልቅ ወደ ሠፈራችን የምትቀርበው ዚዚ ናት። ሙሉ ስሟ ዛሚዮኩልካስ ዛሚፎሊያ ነው፤ ዚዚ የመጣው ከሁለቱ ስሞች መነሻ ነው። በተፈጥሮ የምትበቅለው ከኬንያ ጀምሮ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በዚምባቡዌ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ድረስ ነው። ከ1829 ጀምሮ በሳይንስ ትታወቃለች። ገበያ የወጣችው ግን የሆላንድ አበባ አምራቾች በ1996 አካባቢ በብዛት ማራባት ሲጀምሩ ነው። ጎረቤታችን አውሮፓ ዞራ «የውጭ ተክል» ተብላ ተመለሰችልን ማለት ነው።

እዚያ አገሯ ዝናብ ይመጣል፣ ከዚያ ለወራት ይጠፋል። መሬቱም ድንጋያማ ነው። ስለዚህ ዚዚ ጎተራ ሠራች። ያ ድንች የመሰለው ነገር የውሃ ጎተራዋ ነው። የቅጠሏ አገዳ ከታች ወፈር ያለው፣ ቅጠሏም ሰም የተቀባ የሚመስለው ለዚሁ ነው። ድርቁ ሲከፋባት ቅጠሎቿን አራግፋ ድንቿን ይዛ ትቀመጣለች፤ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ታበቅላለች። ውሃ ሲያጥራት ደግሞ በከፊል በሌሊት ትተነፍሳለች፤ የቅጠሏን ቀዳዳዎች አየሩ ሲቀዘቅዝ ከፍታ የምታባክነውን ውሃ ትቀንሳለች። በወር አንድ ጊዜ ውሃ ብታገኝ የማይከፋት በዚህ ምክንያት ነው።

ፒስ ሊሊ ያደገችው ሌላ ቤት ነው። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ የዝናብ ደን፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር። በጣም የታወቀውን ዓይነት በ1870ዎቹ ከኮሎምቢያ ወደ አውሮፓ የላከው ጉስታቭ ቫሊስ የሚባል ጀርመናዊ ተክል ሰብሳቢ ነው፤ ተክሉም ስሙን ይዟል። እዚያ ሥፍራ ውሃ ብርቅ አይደለም። ጎተራ ምን ያደርግላታል? ቅጠሏ ሰፊና ስስ ነው፣ የጠጣችውን ወዲያው ታተነዋለች። የዕለት ገቢዋን በዕለቱ የምትጨርስ ዓይነት ናት።

ለምን ትወድቃለች? ቅጠል አጥንት የለውም። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በሴሎቹ ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ነው። ኳስ አስቡ። ንፋስ ሲሞላ ይነጥራል፤ ሲጎድል ይልፈሰፈሳል። ኳሱ ግን አልተቀደደም። ፒስ ሊሊ ስትወድቅ የሆነችው እንደዚያ ነው፤ ስትሞላ ትነሳለች። ይህን እያወቁ ሁልጊዜ እስክትወድቅ መጠበቅ ግን ደግ አይደለም። በወደቀች ቁጥር ጥቂት ጫፍ ይደርቅባታል፣ ጥቂት ሥር ይሞትባታል። ቅጠሎቿ ትንሽ ዘንበል ማለት ሲጀምሩ ማጠጣት ነው።

ዝም ያለው ይነቅዛል

ብዙ ውሃ ተክል ይገድላል ሲባል ሰው ይገርመዋል። ውሃ እንዴት ይገድላል? የሚገድለው ውሃው ራሱ አይደለም፤ የአየር ማጣት ነው። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መሃል ባሉት ክፍተቶች ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀማል። ክፍተቶቹ ቀን ከሌት ውሃ ከሞላቸው ሥሩ ይታፈናል፣ መሞት ይጀምራል፣ ከዚያ አፈሩ ውስጥ የሚጠብቁት የብስባሽ ተሕዋስያን ይወርሱታል። የሞተ ሥር ውሃ አይስብም። ስለዚህ በውሃ ተከቦ የሚጠማ ተክል ይፈጠራል።

ፒስ ሊሊ እንዲህ ሲሆንባት ትወድቃለች። አፈሩን ስትነኩት እርጥብ፣ ቅጠሉ የወደቀ፤ ይህ አደገኛ ምልክት ነው። ለዚህች ውሃ ከጨመራችሁላት ጨረሳችኋት። ሁለት ዓይነት መውደቅ አለ ማለት ነው፣ የጥማትና የመታፈን። የሚለየው ጣታችሁ ነው።

ዚዚ ግን አትወድቅም። ጎተራዋ ሙሉ ነው፣ ቅጠሏ ጠንካራ ነው፣ ሥሯ እየበሰበሰ እንኳ ላይዋ ለሳምንታት ያብረቀርቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዚዚን የተናገሩላት ግን አይመስለኝም። ቢጫ ቅጠል ስታዩ፣ አገዳው ከታች ሲለሰልስ፣ ከአፈሩ ላይ ጥቃቅን ዝንቦች ሲነሱ ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል። አክስቴ «ላዩ ደህና ነበር» ያለችው ስለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች በየተራ የሚያጠጡበት ቤት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። እናት ጠዋት፣ ልጅ ማታ፣ የቤት ሠራተኛዋ ስትወለውል የተረፋትን። ማንም አላጠፋም፤ ዚዚ ግን ሞተች።

መድኃኒቱ ቀን መቁጠር አይደለም። «በሳምንት አንዴ» የሚለውን ምክር አልወደውም፣ ምክንያቱም የሐዋሳ ሳምንትና የደብረ ብርሃን ሳምንት አንድ አይደለም። ማሰሮውን አንሱት። ገና እንዳጠጣችሁት ስታነሱት ክብደቱን እጃችሁ ይያዘው። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ደግማችሁ አንሱት። ደርቆ ሲቀል ልዩነቱ ይገርማችኋል። ማሰሮው ትልቅ ከሆነ የሽሽ ከባብ እንጨት አፈሩ ውስጥ እስከ ታች ስደዱና አውጡት፣ ኬክ መብሰሉን እንደምታዩት። ለዚዚ እንጨቱ ከታች ድረስ ደርቆ መውጣት አለበት፤ ከዚያም ላይ ሌላ ጥቂት ቀን ብትቆዩ አይጎዳትም። ለፒስ ሊሊ ላዩ እስከ ሁለት ጣት ያህል ከደረቀ በቂ ነው። ስታጠጡ ሁለቱንም በደንብ፣ ከታች እስኪወጣ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት።

ከታች እስኪወጣ ስል ቀዳዳ አለው ብዬ ነው። ብዙ የሚያምር ማሰሮ ቀዳዳ የለውም፤ በስጦታ የሚመጣው ደግሞ በፕላስቲክና በሪባን ተጠቅልሎ ነው። ፕላስቲኩን ቅደዱት። የሚያምረውን ማሰሮ ከወደዳችሁት ተክሉን ቀዳዳ ባለው ተራ ፕላስቲክ ውስጥ ትታችሁ እንደ ልብስ አልብሱት። ያልተቀባ ሸክላ ለዚዚ ጥሩ ነው፣ በግድግዳው ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል። ለፒስ ሊሊ በተመሳሳይ ምክንያት ያን ያህል አልመርጠውም።

አፈሩም ነገር አለው። ጥቁር አፈር ብቻ የተሞላ ማሰሮ በእርጥብነቱ ሙጫ፣ ሲደርቅ ጡብ ነው። ለዚዚ ግማሹን ያህል ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ ወይም ብሎኬት የሚሠሩበትን ፑሚስ ደቀቅ አድርጌ እደባልቃለሁ። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፣ ውስጣቸው በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ አየር ይይዛሉ። ለፒስ ሊሊ ብስባሹን አበዛለሁ፣ ድንጋዩን እቀንሳለሁ። የቡና አተላ ማሰሮ ላይ የምትደፉ ታውቃላችሁ፣ አክስቴንም ጨምሮ። ተዉት። እርጥብ አተላ ላዩ ላይ ይሻግታል፣ ዝንብ ይጠራል። ብስባሽ ክምር ውስጥ ግን ወርቅ ነው።

ምክሩ የተጻፈው ለሌላ አገር ነው

ኢንተርኔት ላይ ስለ ቤት ተክል የሚነበበው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው። «ታኅሣሥና ጥር ላይ ውሃ ቀንሱ» ይላል። እዚያ በእነዚያ ወራት ቀኑ አጭር፣ ሰማዩ ጨለማ ስለሆነ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ታኅሣሥና ጥር ፀሐዩ የሚያቃጥል፣ አየሩ ደረቅ የሆነበት ጊዜ ነው። ውሃ የምንቀንስበት ወራችን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ደመናው ብርሃኑን ይጋርደዋል፣ እርጥበቱ አፈሩ እንዳይደርቅ ያደርጋል። እኔ በክረምት ዚዚዬን ሁለት ጊዜ ብቻ አጠጥቼ መስከረም የገባሁበት ዓመት አለ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ የተጻፈውን እንዳለ ውሰዱት፣ ማሞቂያው አየሩን እንደሚያደርቀው ብቻ ጨምሩበት። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ኤሲው በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ ላይ ሁለቱንም አታስቀምጡ። በተለይ ፒስ ሊሊ ጫፏ ይደርቃል።

መስኮቱም እንደዚሁ። «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኝም» የሚለው እዚያ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ነው የምታልፈው፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። ታኅሣሥ ላይ የደቡብ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ፒስ ሊሊ ቅጠሏ ይቃጠላል፣ ቡናማ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ይወጣባታል። ያው ቦታ ሰኔ ላይ ምንም አያደርጋትም። የምሥራቅ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ለሁለቱም ጥሩ ነው፤ የምዕራቡ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል፣ ስስ መጋረጃ ይፈልጋል።

ስለ ጥላ አንድ ነገር ልበል። «ጥላ ትችላለች» ማለት «ጥላ ትወዳለች» ማለት አይደለም። ዚዚ መስኮት የሌለው ኮሪደር ውስጥ ወራት ትኖራለች፤ ግን እየኖረች ሳይሆን እየቆየች ነው። አዲስ አገዳ አታወጣም፣ ውሃም አትጠጣም፣ ስለዚህ እዚያ ያለችው ቶሎ የምትበሰብሰው ናት። ፒስ ሊሊ ጥላ ውስጥ አረንጓዴ ሆና ትቀጥላለች፣ አበባ ግን አትሰጥም።

ብርዱንም አትርሱ። ሁለቱም የሞቃት አገር ልጆች ናቸው፤ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይመቻቸዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ላይ የተለጠፈ ቅጠል ይጎዳል። በእነዚያ ወራት ማታ ከመስታወቱ ክንድ ያህል ራቅ ማድረግ ይበቃል።

የውሃው ጣዕም

እዚህ ላይ ፒስ ሊሊ ትለያለች። ቅጠሏ ጤነኛ ሆኖ ጫፉ ብቻ ቡናማ የሚሆንባችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የውሃው ነው። ተክሉ ውሃውን በቅጠሉ ሲያተን ጨውና ማዕድኑ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ይቀራል፤ ሲጠራቀም ያቃጥለዋል። በውሃ ውስጥ ያለ ክሎሪንና ፍሎራይድም ፒስ ሊሊን ያስቸግራታል።

ክሎሪኑ ቀላል ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሠፈር ያላችሁ ሳታውቁት መፍትሔው ቤታችሁ አለ፤ በባልዲ ወይም ክዳኑ በተከፈተ በርሜል ያደረ ውሃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይተናል። ፍሎራይድ ግን አይተንም። ብታፈሉትም ውሃው ይቀንሳል እንጂ ፍሎራይዱ እዚያው ነው፣ ጭራሽ ይወፍራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋል። ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። እዚያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነና ፒስ ሊሊያችሁ ጫፍ ጫፏ ከደረቀ ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉ። የክረምት ዝናብ በጀሪካን አጠራቅሙላት። ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ካላችሁ ዚዚ ግዙ። እሷ በወር አንዴ ስለምትጠጣ የሚጠራቀምባት ማዕድንም ጥቂት ነው፣ ጫፏም ሲቃጠል እምብዛም አላየሁም።

አበባውና አየሩ

ፒስ ሊሊን ሰው የሚገዛው ለነጩ አበባ ነው። ነጩ ግን አበባ አይደለም፣ መልኩን የቀየረ ቅጠል ነው። አበቦቹ መሃል ላይ ባለችው ዘንግ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። እየቆየ ነጩ አረንጓዴ ይሆናል፤ በሽታ አይደለም፣ አርጅቷል፣ ከሥሩ ቁረጡት።

ቅሬታው የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። «ስገዛት ስምንት አበባ ነበራት፣ አሁን አንድም የለም።» አልተታለላችሁም፣ ግን አንድ ያልተነገራችሁ ነገር አለ። ትልልቅ አምራቾች ጂበሬሊክ አሲድ የሚባል የእድገት ሆርሞን ይረጩባታል፤ ሁሉም ተክል በአንድ ጊዜ አብቦ ገበያ ይወጣል። ቤት ስትገባ ሆርሞኑ የለም፤ በራሷ ጊዜና በቂ ብርሃን ስታገኝ ብቻ ታብባለች። እኔ ቤት ያለችው ወደ ምሥራቁ መስኮት ካስጠጋኋት በኋላ በዓመት ሁለት ሦስት ታወጣለች። ይበቃኛል።

«አየር ታጣራለች» ተብሎ የሚሸጥላችሁንም በልኩ ውሰዱት። ወሬው የመጣው ናሳ በ1989 ካሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ እውነት ነው፤ ግን የተሠራው በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ግምገማ እነዚህን መሰል ጥናቶች ሰብስቦ ሲያሰላ፣ የቤቱ አየር ከውጭው ጋር በመቀያየሩ ብቻ የሚገኘውን ያህል አየር ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል አለ። ሳሎናችሁ ጫካ ሆኖ እናንተ በረንዳ ላይ ማደር ነው። ለውበቷ ግዟት፣ መስኮቱንም ክፈቱ።

እንግዲህ ማን የቷን ይግዛ?

ለመስክ ሥራ የምትወጡ፣ ቤታችሁ ለሳምንታት የሚዘጋ፣ ተክል መኖሩን የምታስታውሱት እንግዳ ሲመጣ የሆነ፦ ዚዚ። ለቢሮም ዚዚ፣ ግን «ውሃ የሚያጠጣው እገሌ ብቻ ነው» ተብሎ ይወሰን። ቤት የምትውሉ፣ እጃችሁ ሥራ ካልያዘ የማይሆንላችሁ፣ ተክላችሁን በቀን ሦስቴ የምታዩ፦ ፒስ ሊሊ። ረሺም አብዢም የሆናችሁ፣ ማለትም ሳምንት ረስታችሁ በጸጸት ባልዲ የምትደፉ፣ ለእናንተም ፒስ ሊሊ ትሻላለች፤ ከወደቀች በኋላ ባልዲውን ብትደፉባት ትነሳለች፣ ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ውስጥ እስካለች ድረስ። ዚዚን ግን አፈሯ ሳይደርቅ በየሳምንቱ በባልዲ ማጥለቅ ልማድ ካደረጋችሁት፣ እሷም ወጪውን ዝም ብላ ትመዘግብና አንድ ቀን ሒሳቡን በሙሉ ታመጣላችኋለች።

ልጅ ተክል እንዲለምድ የምትፈልጉም ፒስ ሊሊ ግዙ። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ «ጠማት፣ ተኝታለች» ብላ ራሷ ሮጣ ውሃ ትቀዳለች። ዚዚ ለልጅ አትገባም። ምንም አትሠራም።

አክስቴን በመጨረሻ ፒስ ሊሊ አመጣሁላት። ሕግ አንድ ብቻ ነው አልኳት፦ «እትዬ፣ ጣትሽን ሳትከቺ ውሃ የለም።» የመጀመሪያው ሳምንት ሦስቴ ደወለች። «ጣቴን ከተትኩ፣ እርጥብ ነው። ብርጭቆውን ምን ላድርገው?» «ጠጪው» አልኳት። አሁን የጠዋቱን ውሃ ለራሷ አድርጋዋለች። በአሥር ቀን አንዴ ገደማ «ዘንበል አለችልህ» ብላ ትደውላለች፣ ያም ያጠጣቻት ቀን ነው።

የሞተችው ዚዚስ? ከብስባሹ መሃል የእንቁላል ግማሽ የምታህል ጠንካራ ድንች ተርፋ ነበር። የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላ ቆርጬ ጥላ ላይ ሁለት ቀን አደረቅኋት፣ ከዚያ ደረቅ ሬድ አሽ በበዛበት አፈር ተከልኳት፣ ቢሮ ወስጄ መደርደሪያው ላይ ረሳኋት። አራት ወር ምንም። ባለፈው ሰኞ ፋይል ሳወርድ አየኋት፤ የእርሳስ ጫፍ የምታክል፣ የተጠቀለለች፣ የምታብረቀርቅ አረንጓዴ ነገር ከአፈሩ ብቅ ብላለች። ለአክስቴ አልነገርኳትም። ብርጭቆ ይዛ እንዳትመጣ።